በእጄ የጻፍኩት ማስታወቂያ

ወንድምዓለም ይግዛው፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ሁለት ሳምንት ቀረው። መስከረም እያለቀ ነው፤ ኮኪት በኩል ሰሊጡ ቢጫ ሆኗል። ከበለሳ፣ ከጎጃምና ከወሎ የሚወርደው ሠራተኛ እንደ አምናው በጭነት መኪና ላይ ቆሞ ገንዳ ውሃ ይገባል። ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ የሚወርድ ሰው ባየሁ ቁጥር አንተ ትመስለኛለህ፤ ፊቱን ሳየው ደግሞ ዞሬ እሄዳለሁ።

እኔ ስምንተኛ ክፍል ገብቻለሁ። አሁንም የምኖረው እትዬ ጥሩ ዘንድ ነው። ጠዋት ውሃ ቀድቼላት ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ያቺ በመጣህ ቁጥር የምትወጋህ ፍየል መንታ ወለደች። እትዬ ጥሩ አንተን ስታነሣ ድምጿ ይቀየራል። ባል የሌላት ሴት ግቢ ወንድ አደረ እንዳይባል ብላ ደጇ እንዳታድር የከለከለችህን እስከ ዛሬ አልረሳችውም። አንተማ አልተቀየምካትም ነበር። የኅብረት ሱቁ በረንዳ ለእኔ ከበቂ በላይ ነው ብለህ ጆንያህን ይዘህ ሄድክ።

ከዚያ በኋላ ነው ሊቀመንበሩ እኔን ከክፍል ያስጠራኝ። የቀበሌያችንን ሊቀመንበር ታስታውሰዋለህ፤ ከአብዮቱ በፊት ለሰሊጥ ነጋዴ ሚዛን ይይዝ የነበረው፣ አሁን «ሰፊው ሕዝብ» ባለ ቁጥር ደረቱን የሚነፋው። ጽሕፈቱ የሚያምር ተማሪ ይምጣ ብሎ ነበር። ቀይ ቀለም፣ ሰማያዊ ቀለምና ትልቅ ወረቀት ሰጠኝ። ቃሉን እሱ እየነገረኝ እኔ ጻፍኩ። በበረንዳ፣ በዛፍ ሥርና በመንገድ ዳር ማደር ክልክል ነው፤ ሲያድር የተገኘ በሥራ ፈትነት ይታሰራል። እንዲህ ይላል። ከንጋት እስከ ማታ ጎንበስ ብሎ ሰሊጥ የሚያጭድ ሰው ሥራ ፈት ተባለ። ቀኑን ሙሉ ጥላ ሥር ወንበር የሚያሞቀው ደግሞ የሥራ ሰው ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ ይህ አልታየኝም። ሐሳቤ ሁሉ መስመሩ እንዳይጣመምብኝ ነበር። ጠርዙን በሐረግ አስጌጥኩት።

የለጠፉት ጆንያህን ከምታነጥፍበት በላይ፣ የሱቁ ግድግዳ ላይ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከፊቱ ቆመህ አገኘሁህ። በመሠረተ ትምህርት የተማርከውን ፊደል በጣትህ እየተከተልክ ለጓደኞችህ ታሳያቸው ነበር። ገና ከላይኛው መስመር ላይ ሳለህ የእኔን እጅ ለይተኸዋል። «የወንድሜ ጽሕፈት ነው፤ እዩት እስቲ እንዴት እንዳማረ» አልካቸው። ከዚያ ቀስ እያልክ እስከ መጨረሻው አነበብከው። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ማጅራቴን መታ አድርገህ «አሳምረህ አባረርኸኝ እኮ» ብለህ ሳቅክ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚህ ሙቀት ቆላ ውስጥ ቤት ገብቶ የሚያድር ማን አለ? ሊቀመንበሩ ራሱ የገመድ አልጋውን፣ አንገረቡን፣ ግቢው ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር ዘርግቶ ያድራል። ኩርፊያው መንገድ ድረስ ይሰማል። ሕጉ የወጣው ውጭ በማደር ላይ እንዳልሆነ ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። የወጣው አጥር በሌለው ሰው ላይ ነው።

እናንተ ወንዙን ተሻግራችሁ ሣር ውስጥ ማደር ጀመራችሁ። ከዚያ የሆነውን የነገረኝ ጎጃሜው ጓደኛህ አያሌው ነው። እባብ ቁርጭምጭሚትህን ሲነድፍህ ገና አልነጋም ነበር። ተሸክመውህ ወንዙ ዳር ደረሱ። ማዶ አብዮት ጥበቃዎቹ ቆመዋል። ከሳምንት በፊት በሰዓት እላፊ ሲገባ የተያዘ ጓደኛችሁን ጀርባው እስኪላጥ ገርፈውት ነበር። «ተሸክመነው ቆመን ንጋት ጠበቅነ» አለኝ አያሌው፤ ይህን ካለኝ ጀምሮ ዓይኔን አያየኝም። ጤና ጣቢያ ሲያደርሱህ ትንፋሽህ አልነበረም።

ቀብርህ ላይ ከተማው በሙሉ ወጣ። በረንዳችን ይጽዳልን ብለው አቤት ያሉት ነጋዴዎች ሳይቀሩ መጡ። ሊቀመንበሩም ነጠላ አዘቅዝቆ መጣና ንግግር አደረገ። ጓድ ይግዛው አለህ፤ የሰፊው ሕዝብ ልጅ አለህ። በሕይወትህ ሥራ ፈት ነበርክ፤ ጓድ ለመባል መሞት ነበረብህ። እትዬ ጥሩ ንግግሩ ሳያልቅ ጀርባዋን ሰጠችው። ከኋላ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ድምፁን ሳይቀንስ «እንግዲህ መሬት ውስጥ ስላደረ አይታሰርም» አለ። ማንም አልገሠጸውም። ሊቀመንበሩ ጫማውን ያይ ጀመር፤ ጫማው አዲስ ነበር።

ተማረ ብለህ እንዳታስብ። ክረምቱ ማስታወቂያውን አጥቦት ነበርና ባለፈው ሳምንት እንደገና አስጠራኝ። ቤቱ ሄድኩ። በጠራራ ፀሐይ አንገረቡ ላይ ተጋድሟል፤ ሳይነሣ የቀለሙን ጠርሙስ በእግሩ ወደ እኔ ገፋው። ወንድሙን የቀበረበትን ቃል እንደገና አሳምሮ የሚጽፍ ልጅ ይኖራል ብሎ አስቧል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እርስዎም እኮ ውጭ ነው የሚያድሩት» አልኩት።

«እኔ በግቢዬ ነው። ሰው በአጥሩ ውስጥ ቢያድር ማን ምን ይለዋል?» አለኝ።

ቀለሙን እዚያው ትቼው ወጣሁ። ለትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ደብዳቤ እጽፋለሁ ብሎ ከኋላዬ ጮኸ። ጽፎም ይሆናል፤ ሰኞ እናያለን።

ያለውን ለእትዬ ጥሩ ነገርኳት። በማግሥቱ ጠዋት ውሃውን ተወውና ያምና የማሽላ አገዳ ፈልግልኝ አለችኝ። ጎረቤት ሴቶች የየቤታቸውን አገዳ እየተሸከሙ መጡ። ቀብርህ ላይ የተናገረው ያ ሾፌር ሸክም እንጨት አራገፈልን፤ አያሌውና ጓደኞቹ ጉድጓድ ቆፈሩ። የግቢዋን አጥር ነቅለን ወደ ባዶው ሜዳ ገፋነው፤ ሜዳው ላይ ያለውን ትልቁን ኒም ዛፍ ሳይቀር አጥር ውስጥ አስገባነው። ስንሠራ ሴቶቹ ይስቁ ነበር። ካንተ ቀብር ወዲህ ሰፈሩ እንዲህ ሲስቅ ሰምቼ አላውቅም።

አሁን አሥራ ሰባት ሰው በዚያ አጥር ውስጥ ያድራል። አንዱ አብዮት ጥበቃ ዱላውን ይዞ መጥቶ እትዬ ጥሩን እነዚህ እነማን ናቸው አላት። «እንግዶቼ ናቸው። አጥሩ አይታይህም?» አለችው። አጥሩን ዞረው፤ አገዳውን በዱላው ነካ ነካ አደረገና ሄደ። ያቺ ስሜ ይጠፋል ብላ አንተን ደጅ ያስቀረች ሴት ናት እንግዲህ። በሩን ዘግታ ስትመለስ አለቀሰች፤ እኔም አላባበልኳትም።

ጆንያህን ኒሙ ሥር አነጠፍኩት። አያሌው እንዲተኛበት ለምኜው በግድ እሺ አለኝ።

ነገ ስለ አጥር ሌላ ማስታወቂያ ያወጡ ይሆናል። የሚጽፍላቸው ይፈልጉ። እኔ በየዓመቱ ሰሊጡ ሲደርስ አጥሩን አንድ እርምጃ ወደ ውጭ እገፋዋለሁ፤ አንተን የማስበው እንደዚህ ነው። ትናንት መቃብርህ ራስጌ ላለው እንጨት ቀለም ገዝቼ ስምህን ጻፍኩበት፤ ጠርዙንም በሐረግ አስጌጥኩት። ከማስታወቂያው ይበልጣል። ብታየው በጣትህ እየተከተልክ ታነበውና የማን እጅ እንደሆነ ለሁሉም ትናገር ነበር።

ታናሽ ወንድምህ
መኳንንት