በጀርባው ስለተሰቀለው ሰሌዳ ለክቡር ከንቲባችን የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ሩፊኖ ባልዴራማ
የፑንታ ሊንዋን ከተማ ከንቲባ፣ የባሕር ዳርቻችን ጠባቂ፣ የሦስት መቶ አርባ ሕፃናት የክርስትና አባት፣ ለእኔም አበልጄ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ከእጅዎ በሚገባበት ሰዓት እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ እንዲሁም በግቢዎ ውስጥ አዲስ ያስገነቡት መዋኛ ገንዳ በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋዬ የጸና ነው። እኛ የታችኛው ሰፈር ዛጎል ለቃሚዎች፣ ስለ ጤናችን ማሰብ ከጀመሩበት ቀን ወዲህ ብዙም ጤና አልሰነበትንም፤ ቢሆንም የእርስዎ ደህንነት ለሁላችንም ይበቃል ብለን እንጽናናለን።

ደብዳቤዬን አሽጌ ወደ ቢሮዎ መላክ ሲገባኝ በገበያው በር፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጥርና በጀልባ መቆሚያው ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ከዚህ ቀደም አሽጌ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች እርስዎ ዘንድ ሳይደርሱ መቅረታቸውን ጸሐፊዎ በታላቅ ትሕትና ስላስረዱኝ፣ አራተኛውን ከተማው ሁሉ ቢያነበው ከመካከላችን አንዱ እንኳ መንገድ ላይ አግኝቶ ይነግርዎታል ብዬ ነው።

ከሥራ ብዛት ረስተውኝ እንደሆነ ትሪኒዳድ ማግባኑዋ እባላለሁ። እናትዎና እናቴ ባሕሩ በሸሸ ቁጥር ጎንበስ ብለው በአንድ ቅርጫት ዛጎል ይለቅሙ ነበር፤ እርስዎና እኔም ቅርጫቱን ግራና ቀኝ ይዘን ገበያ እናደርስ ነበር። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ልጄን ዴሊያን ክርስትና ያነሡልኝ እርስዎ ነዎት። ያን ጊዜ ገና ለምክር ቤት ሲወዳደሩ ነበርና የክርስትና ልጆችዎ እንዲህ አልበዙም፤ የእኔዋ ሦስተኛ ነበረች። ይህን የማነሣው ለመኩራራት አይደለም፤ የማመሰግንዎት በባዳነት እንዳልሆነ ሰው እንዲያውቅልኝ ብቻ ነው። ምስጋናዎቼም እነሆ በተራ ቁጥር ቀርበዋል።

፩ኛ. ስለ ተስፋው አመሰግናለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት በቅርጫት ኳስ ሜዳው ላይ ሰብስበውን፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር የገበያውን የዓሣ እጣቢ፣ የጋራዦቹን ዘይትና የሞላውን የመጸዳጃ ጉድጓድ ሁሉ ጠራርጎ በትልቁ ቦይ ወደ ባሕራችን የሚያወርደውን ጎርፍ እንደሚያጠሩልን ቃል ገቡ። ሦስት ኩሬዎች ይቆፈራሉ አሉ፤ አንደኛው ጥራጊውን ይይዛል፣ ሁለተኛው ደለሉን ያስቀራል፣ በሦስተኛው ሸምበቆ ይተከልበትና ውሃው ጠርቶ ይወጣል። መንግሥት ገንዘቡን የሚለቀው ግን እያንዳንዱ ቤት በየወሩ የድርሻውን ለማዋጣት ሲፈርም ነው ተባለ። ሕዝቡ ሲያንጎራጉር ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «አበልጄ፣ ይህ ባሕር የእናቴ ጓዳ ነው። በእናቴ ጓዳ እቀልዳለሁ?» አሉኝ። ሆዴ ባባ። በማግስቱ ዝርዝሩን ይዤ ቤት ለቤት መዞር ጀመርኩ፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት በር አንኳኳሁ፤ አፌን ሞልቼ በእርስዎ ስም ማልሁ። መረብ ጠጋኙ ታላቃችን ማኖንግ ካስቶር፣ በሰማንያ ዓመት ዕድሜው ምንም ወረቀት አልፈርምም ብሎ የኖረ ሽማግሌ፣ ብዕሩን ሲቀበለኝ እንዲህ አለኝ፦ «ልብ በይ ልጄ፤ ሰውዬውን አምኜ አይደለም፤ አንቺን አምኜ ነው።» ዛሬ በደጁ ሳልፍ መረቡን ወደ ጎን ያደርግና፣ «እንዴት ነው ኩሬሽ? ዓሣ ያዘ?» ይለኛል። አቀርቅሬ አልፋለሁ።

፪ኛ. ስለ ሥዕሉ አመሰግናለሁ። የተሰበሰበው ገንዘብ ሦስት ኩሬ ለመቆፈር ያልበቃው፣ የቦዩን አፍ የሚሸፍን ረጅም ግድግዳ ለማሠራትና ኤሊዎችን፣ ሰማያዊ ዓሦችንና ፈገግ ያለች ዶልፊን ለማሣል ግን የበቃው እንዴት እንደሆነ የእኔ ትንሽ አእምሮ ሊደርስበት አልቻለም፤ ውበት እንዳለው ግን አልክድም። ከግድግዳው በስተጀርባም ቱቦው ሠላሳ እርምጃ ያህል በአሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ወደ ባሕሩ እንዲረዝም መደረጉን፣ አፉም ልጆቻችን ከሚዋኙበት ቦታ ውሃ ውስጥ መከፈቱን በኋላ ከዋናተኞች ሰማን። በምረቃው ዕለት ሪባኑን ቆርጠው፣ «ጎርፉን አያችሁት? የለም! አለቀለት!» ሲሉ ያጨበጨብነው ከልባችን ነበር። እኔም አጨብጭቤአለሁ፤ የሚያሳፍረኝም እሱ ነው።

፫ኛ. ስለ ቅዱስ ዮሐንስ በዓል የማቀርበው ምስጋና ትንሽ ረዘም ይላልና ይታገሡኝ።

ሰኔ ሃያ አራት ቀን በፑንታ ሊንዋን ማንም ሰው ደርቆ እንደማይውል፣ ጎሕ ሲቀድ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ባሕር እንደሚወርድ፣ የክርስትና አባትም አስቀድሞ ሳይጠመቅ የክርስትና ልጅ እግሩን እንደማያነክር ለእርስዎ መንገር ሞኝነት ነው፤ ሥርዓቱን ከእኔ በላይ ያውቁታል። በዚያ ማለዳ ግን በሰባት ዓመት አንዴ የሚታይ ዝናብ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ነበርና ውሃው ሻይ መስሏል፤ ከሥሩም የሆነ ሽታ ይመጣል። እናቶች ተያየን። ማንም አልገባም። ሦስት መቶ አርባ የክርስትና ልጆችዎ አሸዋው ላይ ተደርድረው ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ እርስዎን ይጠብቁ ነበር፤ አባታቸው ካልገባ አይገቡምና።

መጡ። የእሳት አደጋ መኪናው ከውሃው ዳር ቆሞ ነበርና በማዶው ዞረው ከዓይናችን ተሰወሩ፤ ጥቂት ቆይተው ከራስ ፀጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ ውሃ እየተንጠባጠበ ብቅ አሉ። እጅዎን ወደ ሰማይ አንሥተው፣ «ግቡ ልጆቼ! እንደ መስተዋት የጠራ ነው!» አሉ። ፎቶ አንሺው አነሣ፤ ባንዱ መታ። ዴሊያ ግን ሽታው አስጠልቷት ቀሚሴን ይዛ ወደ ኋላ ትል ነበር። ከጀርባዋ ገፋ አድርጌ፣ «ምን ትፈሪያለሽ፣ የክርስትና አባትሽ፣ ኒኖንግሽ፣ ገብተው ወጥተው የለም እንዴ?» ያልኳት እኔ ነኝ። የገፋኋት በዚህ በገዛ እጄ ነው። ሮጣ ገባች፤ እየሳቀች ጠለቀች፤ አፏን ሞልታ የጠጣችውን ውሃም ወደ ጓደኞቿ ፊት ተፋችው።

፬ኛ. ስለ ቁጠባው አመሰግናለሁ። በዓሉ ባለፈ በሦስተኛው ሳምንት ነፋስ ሲነሣ፣ በባሕሩ መግቢያ ላይ ምስልዎ ያለበት፣ «መልካም የቅዱስ ዮሐንስ በዓል፤ ከንቲባችሁ ሩፊኖ» የሚለው ትልቅ ሰሌዳ አንደኛው ገመዱ ተበጥሶ ተገለበጠ። በጀርባው በቀይ ቀለም ምን ተጽፎ እንደነበር ከተማው ሁሉ ቆሞ አነበበ፦ «ውሃው ተበክሏል። መዋኘትና ዛጎል መልቀም በጥብቅ ተከልክሏል።» ቀኑ ሰኔ አሥራ ስድስት ይላል፤ ከበዓሉ ስምንት ቀን በፊት ማለት ነው። የውሃው ምርመራ ውጤት በዚያው ቀን ጠረጴዛዎ ላይ እንደደረሰ፣ ሰሌዳው እንደተጻፈ፣ ከዚያም እርስዎ በዓል እንዳይበላሽ ብለው እንዲገለበጥ እንዳዘዙ የሚክድ አልተገኘም። ጸሐፊዎን ጠይቄ ነበር። «እትዬ ትሪኒዳድ፣ የሰሌዳ ዋጋ እኮ ተወዷል፤ በአንዱ ሁለት ሥራ ሠራን» አሉኝ። የሕዝብን ገንዘብ እንዲህ የሚቆጥብ አስተዳደር የት ይገኛል? ኩሬዎቹ ላይ ብቻ ነው እጅዎ ያጠረው።

፭ኛ. እዚህ ላይ ምስጋናዬ ያልቅብኛል።

ዴሊያ ሆስፒታል ከገባች ዛሬ አሥረኛ ቀኗ ነው። ታይፎይድ ነው ተባልን። በልጆች ክፍል ውስጥ በዚያ ማለዳ ባሕር የገቡ አሥራ አንድ ሕፃናት ተኝተዋል፤ ዘጠኙ የእርስዎ የክርስትና ልጆች ናቸው። የእኔዋ ከሁሉም ጠንቶባታል፤ ሐኪሟ ሆዷን ዳብሰው፣ አንጀቷ እንዳይበሳ እንደሚሠጉና የሚቀጥሉት ጥቂት ቀናት ወሳኝ እንደሆኑ ነግረውኛል። ከአጠገቧ ባለው አልጋ የተኛው የሲልቬሪዮ ልጅ ነው፤ የእሳት አደጋ መኪናው ሾፌር የሲልቬሪዮ። ሰውዬው ሦስት ቀን ሙሉ ዓይኔን ሸሽቶ ሰነበተና ትናንት ወንበሩን ስቦ ወደ እኔ ተጠጋ። «ማናንግ፣ እህቴ፣ ከንቲባው ባሕር አልገቡም» አለኝ። «ከመኪናው ጀርባ ሁለት ጃሪካን የመጠጥ ውሃ ያፈሰስኩባቸው እኔ ነኝ። ጨዉ ዓይናቸውን ስለሚያስቆጣው ነው አሉኝ፤ አመንኳቸው። ልጄንም አስገባሁት። ውሃው መጥፎ መሆኑን ቢነግሩኝ አስገባው ነበር?» ሥራህን ታጣለህ ብዬ ስሙን ልደብቅለት ብል እምቢ አለ። «ጻፊው። በትልቁ ጻፊው» አለኝ። እነሆ ጽፌዋለሁ።

አበልጄ፣ ከዚህ በኋላ በክቡርነት ልጽፍልዎ አልቻልኩም። ኩሬው ቢቀር፣ ኩሬ ይቀራል፤ ስንቱ ቀርቶብን ኖረናል። ገንዘቡ ለኤሊና ለዶልፊን ቢወጣም የምንጮኸው ጮኸን እንተወው ነበር። እርስዎ ግን ያውቁ ነበር። ያንን ውሃ ጠልተው ሰውነትዎን አርቀው፣ እነዚያን ሁሉ ሕፃናት አሰልፈው ግቡ አሏቸው። ልጄን በእቅፍዎ ይዘው ስለ እሷ ሰይጣንን የካዱ ሰው ነዎት። ከተማው ሁሉ ቢያታልለኝ ያን ያህል አይቆጨኝም፤ እኔ የተከዳሁት ቅርጫት አብሮኝ በተሸከመ ሰው ነው። ሌሊትና ቀን የሚያንገበግበኝም የእርስዎ ውሸት ብቻ አይደለም፤ በጀርባዋ ላይ ያረፈው የገዛ እጄ ነው።

የምጠይቀው ጥቂት ነው። ሰሌዳው በትክክለኛው ፊቱ ይሰቀል። ከሰኔ ወዲህ የተደረጉ የውሃ ምርመራዎች ሁሉ በገበያው በር ይለጠፉ፤ ቦታ ከጠበበ የእኔን ደብዳቤ ማንሣት ይቻላል። ለኩሬዎቹ የተፈቀደው ገንዘብ የት እንደገባ በዚያው የቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ፣ በዚያው ማይክራፎን ይነገረን። ዝናቡ ገና እስከ ኅዳር አለ፤ ቱቦውም በየቀኑ ይተፋል። እኛ ዛጎል ለቃሚ ሴቶች ቅርጫታችንን ሰቅለናል፤ የምንሸጠው ነገር የሰውን ልጅ እንዲያሳምም አንፈልግም። ይህንን ያህል ሕሊና ያስተማሩን እናትዎ ነበሩ።

ለሰጡን ሥዕል፣ ለቆጠቡት ሰሌዳ፣ ለደረቀ ቃልዎና ለረጠበ ፎቶግራፍዎ ከፍ ያለ አክብሮቴን እየገለጽኩ፣ ዘመንዎ እንዲረዝምና የሠሩትን ሁሉ በዓይንዎ እንዲያዩት ከመመኘት ጋር፣

የቀድሞ ቀስቃሽዎ፣ የቀድሞ አጨብጫቢዎ፣
እስከ ዛሬም ሳልወድ አበልጅዎ የሆንኩ
ትሪኒዳድ ማግባኑዋ
የታችኛው ሰፈር ዛጎል ለቃሚ ሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ
ፑንታ ሊንዋን፣ ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ቀን

ማስታወሻ፦ ዛሬ ጠዋት ትኩሳቷ ጋብ ሲልላት ዴሊያ ዓይኗን ገልጣ በመጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ እርስዎ ነው። «እማ፣ ኒኖንግስ ታመሙ እንዴ? ከእኔ በፊት እኮ ነው የገቡት። ማን ያስታምማቸዋል?» አለችኝ። ደህና ናቸው ብላት እንዴት ደህና ሆኑ ብላ እንዳትጠይቀኝ ፈርቼ፣ ራሳቸው መጥተው ይነግሩሻል አልኳት። የልጆች ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አልጋ ቁጥር ሰባት። የጠያቂ ሰዓት ከቀኑ ዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ነው።