የአካሉ ቅንፎች

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ክንዱ፣

ከሁሉ በፊት ጤናህ እንደምን ነው? ደረትህስ፣ የኪየቭ ብርድ ለቀቀው? የምትበላው ይስማማሃል? ትምህርቱስ እንዴት ይዞሃል? እኛ፣ ምስጋና ለማርያም፣ የቤቱ ሰው ሁሉ በጤና አለን። ዝናቡ ጀምሯል፤ ጣናም ዳር ዳሩ ደፍርሷል።

ይህን ደብዳቤ ወደዚያ በሚመለሰው ተማሪ፣ በአምባቸው እጅ ልኬልሃለሁ። ቁጭ ብለህ አንብበው። ጓደኛህ አካሉ የለም። ኅዳር ላይ ለብሔራዊ ውትድርና እንደ ሄደ ታውቃለህ። የካቲት ላይ ሰሜን ግንባር ወድቋል፤ መርዶው የደረሰን ግን ግንቦት መግቢያ ነው። እናታችን፣ መርዶ በወረቀት አይነገርም፣ ልጄ በባዕድ አገር ብቻውን አይስማ፣ ሲመጣ ሽማግሌ ይነግረዋል ብላ አስምላኝ ነበር። መሐላዬን አፈረስሁ። ለፋሲካ ፈቃድ አግኝቶ ሲመጣ ሽማግሌ ሊልክብኝ እንደ ነበር ካንተ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ታዲያ ለማን ልንገር?

ለልቅሶ እኔና እሱ ከምንሠራበት ፋብሪካ ሰዎች ጋር በጀልባ ቁንዝላ፣ ወላጆቹ ዘንድ ሄድሁ። የተቀመጥሁትም ከባልደረቦቹ ጋር ነው፤ ምን ነኝ ብዬ ከዘመዶቹ መካከል ልቀመጥ? ሴቶቹ ደረታቸውን ሲደቁ አየሁ። እንባ እምቢ አለኝ። ንፍሮ ሰጡኝ፣ በላሁ። ከዚያ ወዲህም እንዲሁ ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ።

የሥራውን ነገር ልንገርህ። አንተ ሐኪም ልትሆን ነውና እኔና አካሉ የምንጣላበትን እንደገና ላስረዳህ። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ስንጽፍ አብረው የሚሠሩ ትእዛዞች በቅንፍ ይታቀፋሉ። አካሉ መክፈቻውን ቅንፍ አዲስ መሥመር ላይ ብቻውን ያቆመዋል፤ መዝጊያውንም ቁልቁል በሱ ትይዩ ያቆመዋል። እኔ ደግሞ መክፈቻውን ከላይኛው መሥመር ጫፍ ላይ እለጥፈዋለሁ። ለማሽኑ ሁለቱም አንድ ነው። እሱ፣ መክፈቻና መዝጊያ ፊት ለፊት ካልተያዩ የቱ በር የየትኛው ቤት እንደ ሆነ በምን ይታወቃል ይለኛል። እኔም፣ ለአንድ ቅንፍ አንድ መሥመር? ወረቀት እንደ ሣር የሚበቅል መሰለህ እለዋለሁ። ኋላ ግን የሱን ስነካ እንደሱ፣ የኔን ሲነካ እንደኔ ለመጻፍ ተስማምተን ነበር።

ሰኔ መግቢያ ላይ ኃላፊያችን አቶ አዘዘ ጠሩኝ። የማተሚያ ወረቀት ጠፍቷልና ፕሮግራሙ ሁሉ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ይሁን፣ አጻጻፉም ያንቺው ይሁን አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ደስ ይላታል ብለው ሳይሆን አይቀርም። እሺ አልሁ። የአካሉን ቅንፎች አንድ በአንድ ወደ ላይ አነሣ ጀመር። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ነበሩ። ምንም አልተሰማኝም፤ ምስር እንደሚለቅም ሰው ነበርሁ።

በአምስተኛው ቀን የፋብሪካውን ሠራተኞች ፈረቃ የሚደለድለው ፕሮግራም አልሠራ አለ። አንድ መዝጊያ ቅንፍ ሳላውቅ አጥፍቻለሁ። ዓይኔ እስኪቀላ ሁለት ቀን ፈለግሁ፣ አጣሁት። በሦስተኛው ቀን ቢጨንቀኝ ሁሉንም እንደ አካሉ አድርጌ መልሼ ወደ ታች አወረድሁት። መዝጊያ ያጣው መክፈቻ ወዲያው ታየኝ። አካሉ ልክ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ተከራክሬው ተረታሁ። ይህንኑ ልነግረው ዞር ብል ወንበሩ ላይ የማተሚያ ሪባን ካርቶን ተቀምጧል። የጎደለውን መዝጊያ ሞላሁና ሁሉንም እንደ ታዘዝሁት እንደገና ወደ ላይ አነሣኋቸው።

አሁን ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኗል። ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ዲስክ ስላጠረ አዲሱ በአሮጌው ላይ ተጻፈበት። የቱን እሱ እንደ ጻፈው፣ የቱን እኔ እንደ ጻፍሁት እኔ ራሴ መለየት አቃተኝ። ባለፈው ዓመት አንተ ፍረደን ብሎ የላከልህ ገጽ ካልጠፋህ፣ እባክህ አምባቸው ሲመጣ ላክልኝ። እሱ የጻፈው ሌላ ምንም የለኝም።

እናታችን ግንባርህን ትስማለች፤ ሹራብህን ሳትለብስ እንዳትወጣ ብላሃለች። አባባ ትምህርትህን አጥብቀህ ያዝ ብለውሃል። ታናሻችን እናትዓለም ስምንተኛ ክፍልን አልፋለች፤ ቴምብር መላኩን ረሳው ወይ እያለች ትወቅስሃለች። ይህን እንደ ጻፍሁልህ ግን ማንም አያውቅም። ስለዚህ ለቤት ስትጽፍ እንደ ወትሮው አካሉስ እንዴት ነው ብለህ ጠይቅ፤ ካልጠየቅህ እናታችን ትጠረጥራለች። መልሱን የምጽፈው እኔ ነኝ። ደኅና ነው እልሃለሁ።

እኅትህ የሺአረግ
ባሕር ዳር፣ ሰኔ ፳፪ ቀን ፲፱፻፹፩ ዓ.ም.