በሟች ወንበር ላይ ስለተቀመጥሁባቸው አሥራ ሁለት ቀናት

ለክቡር የኢጣሊያ መንግሥት የቡታጅራ ገዥ፣ ሬዚደንቴ፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉንፋኑስ ለቀቀዎ? እኛ እርስዎ በፈቀዱልን መጠን ደኅና ነን። ለብቻዎ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ፣ ይህን አራተኛውን ገበያተኛው እንዲያነብልዎ በግልጽ መጻፌን በትሕትና አስታውቃለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሹመቴ አመሰግናለሁ። የአማካሪው ጉባኤ አባል ሀጂ ሙስተፋ ለንግድ ጅማ ወርደው ሁለት ወር ቢዘገዩ፣ ሞተዋል የሚል ወሬ ሰምተው እርስዎ መሞታቸውን ወደ አዲስ አበባ ጻፉ፤ በቦታቸውም እኔን ኮርቻ ሰፊውን አስጠሩ። በአስተርጓሚዎ በአቶ ባዩ አፍ «ሮማ ብትሆን ሴናቶሬ ትባል ነበር» አሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ደንበኞቼ «ሴናቶሬ፣ የበቅሎዬ ኮርቻ አለቀ?» ይሉኛል።

ሁለተኛ፣ ምክሬን ስለተቀበሉ አመሰግናለሁ። ሕዝቡ አዲሱን መንገድ መቆፈር ይወድ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አፌን ሳልከፍትም ስለ መልካም ምክሬ አመሰገኑኝ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሀጂ ሙስተፋ አቧራቸውን ሳያራግፉ ጉባኤው መካከል ገብተው «አሰላሙ ዓለይኩም» አሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሳሌሃ፣ አልቅሰው የቀበሯቸውን ያህል የቆጠሩት ባላቸው በእግራቸው ስለመጡ፣ ከደጅ ቆመው ይስቁም ያለቅሱም ነበር። እኔ ወንበሩን ልለቅ ብነሣ እርስዎ «ተቀመጥ» አሉኝ። መዝገቡንም ገልጠው «ይህ ሰው ሞቷል፤ ተጽፎ ሄዷል» አሉ።

ሀጂ «ማን ነገረዎት?» ብለው ቢጠይቁ፣ እርስዎ «ሟች በጉባኤ አይናገርም» ብለው መለሱላቸው።

ቀጥለውም መሞታቸውን መስክሬ እንድፈርም አዘዙኝ። ከፈረምሁ ወንበሩ የእኔ፣ የሀጂ ሱቅ የመንግሥት ሊሆን ነው። ወንበሩ መደገፊያ ነበረው፤ አልዋሽም፣ ወድጄው ነበር። ብዕሩን አስቀመጥሁና «ሀጂ ቆመው እያዩኝ እንዴት ብዬ ልፈርም?» አልሁ። እርስዎም «ሟችን ባለማክበር» በሚል ጥፋት ሻሩኝ፤ የሀጂንም ሱቅ ያለ ፊርማዬ አሸጉት።

ሆኖም ባለፈው ሰኞ ወታደሮችዎ ለመንገድ ቁፋሮ ሰው ሲያፍሱ፣ ሀጂ ሱቃቸው ሲታሸግ የተሰጣቸውን የሞታቸውን ወረቀት አውጥተው አሳዩአቸው። ወታደሮቹ ማኅተምዎን አይተው እጅ ነሥተው አለፉ። በማግሥቱ ጎረቤቶቻቸው እኔ ዘንድ መጥተው «እንዴት ብለን ነው የምንሞተው?» ሲሉ ጠየቁኝ፤ ማመልከቻቸውንም የጻፍሁላቸው እኔ ነኝ።

ለሕዝቡ ሕይወት ያለዎትን አሳብ ከልብ እያደነቅሁ፣ ዕድሜዎ በመዝገብ ከተጻፈው ይልቅ እንዲረዝም እመኛለሁ።

ዱባለ ተረፈ
የአሥራ ሁለት ቀን ሴናቶሬ፣ የዕድሜ ልክ ኮርቻ ሰፊ
ቡታጅራ፣ ሰኔ ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ የአርባ ሦስት የመስቃን ገበሬዎች ስም ከዚህ ጋር ተያይዟል። ሁሉም ዛሬ ጠዋት ሞተዋል። ወረቀታቸውን ለመውሰድ ደጅዎ ላይ ተሰልፈው ስለሚገኙ ቶሎ ቢያስተናግዷቸው ደስ ይለናል፤ ከሰዓት በኋላ እርሻ አለባቸው።