ያልተሰማችው «አይደለም»

ቦንጋ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድሽው፣ ከእኔ ይበልጥ ለተወደድሽው እህቴ ማዕረግ፣

እኔ ታናሽሽ በሰማይና በምድር ፊት እናዘዛለሁ፦ ከዱባይ ለእማዬ የላክሽውን የቪታሚን ጠርሙስ ከፍቻለሁ። የቀረውን ኃጢአት ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ። ስልኩ ከእማዬ እጅ ስለማይወጣ በወረቀት ጻፍኩልሽ፤ ጠርሙሱን በሻንጣው ያመጣልን ሰላሐዲን ነገ ወደዚያ ሲመለስ ያደርስልሻል።

ጠርሙስሽ እንደ ደረሰ ቡፌው ላይ ወጣ፤ የእኔ የስምንተኛ ክፍል ፎቶ ወደ ጓዳ ተሰደደ። ጎረቤታችን ጋሽ ተሰማ፣ ጡረታ የወጡ መምህር አይደሉ፣ ጽሑፉን እንዲተረጉሙ ተጠሩ። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ሰቅለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ይህ ምርት ማንኛውንም በሽታ ለማከም፣ ለማዳን፣ ለመከላከል…» ከማለታቸው እማዬ እልልታውን አቀለጠችው። አማርኛ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ «አይደለም»ን የሚያመጣት መጨረሻ ላይ ነው። ጋሽ ተሰማ «የታሰበ አይደለም» ሲሉ የሰማኋቸው እኔ ብቻ ነኝ። እሳቸውም ብርዝ ሲቀርብላቸው ነገሩን ተዉት።

ከዚያ ወዲህ እማዬ የደም ግፊት ክኒኗን ተወች። «ልጄ መድኃኒት ልካልኝ የጤና ጣቢያ ክኒን ምን ይሠራልኛል» አለች። ራሷን ሲያዞራት ደግፌ ጤና ጣቢያ የወሰድኳት እኔ፤ መንገድ ሙሉ ስትመርቅ የነበረው አንቺን።

ሲስተር በዛወርቅ ጠርሙስሽን አገላብጠው አዩት። «እትዬ የሻረግ፣ ይሄ የምግብ ማሟያ ነው። መድኃኒት ከሆነ መንግሥት ማዳኑ ሳይረጋገጥ አያስሸጥም። ማሟያ ግን ከምግብ ወገን ነው የሚቆጠረው፤ ‹ያድናል› ብሎ መጻፍም ክልክል ነው። በሻንጣ የመጣውን ደግሞ ማንም አላየውም።»

«ልጄ አይታዋለች» አለች እማዬ።

እንግዲህ ኃጢአቴ ይሄ ነው፦ ያንቺን ክኒን ሽንት ቤት ጨምሬ የጤና ጣቢያውን ጠርሙስሽ ውስጥ ሞላሁት። «ምነው አነሰ?» ብትለኝ፣ «ዱባይም ኑሮ ተወዷል» አልኳት። በየማለዳው ስምሽን ጠርታ አንድ ትውጣለች። ግፊቷ ወረደ። ምስጋናውስ? ሺሺንዳ ገበያ ድረስ «የማዕረግ መድኃኒት አዳነኝ» ተብሏል። ተሰልፌ ክኒኑን የማመጣው እኔ ግን «አንቺ ልጅ፣ ከእህትሽ ተማሪ» እባላለሁ።

ደውይላትና ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው አንቺው ንገሪያት። እኔ ብነግራት ቅናት ይመስላታል። ያወቀችብኝ ለት ሁለቱንም እንዳትተው ነው የምፈራው። ካንቺ አፍ ከሆነ «አይደለም»ንም ትሰማለች።

የማንኪራ ጫካ ንብ አበባ እንደማያጣ አንቺም እንጀራ አትጪ።

ጠርሙሱን እየሞላሁ ነበር የምጽፍልሽ። ፊርማዬን ላኖር ስል እማዬ በሩ ላይ ቆማ ጠርሙሱንም ክኒኑንም አየች። «በእምነት!» ብላ ስሜን ጠራች። እንግዲህ ፊርማ አያስፈልግም። አንድ ነገር ብቻ፣ እኔ እኮ በአንቺ የምቀና ሰው…