በነጭ ውሻ ላይ ነጭ ሪባን

መጋቢት 2
ውሻችን ኑሩንጂ ዛሬም ከበሩ ጋር ተጋጨ። የግንባሩ ፀጉር ዓይኑ ላይ ወርዶ መንገዱን ጋርዶበታል። ልጄ ቦራም ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታስርለት ነበር። እሷ ከሞተች ወዲህ ማንም አልነካውም። እኔስ እጄን ምን ያዘኝ?
አባቷ “ቁረጪውና ተገላገዪ” አለ።
ቁረጪው... በእሷ እጅ ያደገውን ፀጉር።

መጋቢት 5
የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ግራ ዓይኑ ቀልቷል፤ ያነባል። “የኑሩንጂ እናት፣ ይግቡ!” ስትል ተራ አስጠባቂዋ ልጅ ጮክ ብላ ጠራችኝ። እዚያ ሁሉም ሰው በውሻው ስም ነው የሚጠራው፤ አውቃለሁ። ግን ከወንበሩ መነሳት አቃተኝ።
ሐኪሙ “ወይ ይቆረጥ፣ ወይ በደንብ ይታሰር። ፀጉሩ ዓይኑን እየወጋው ነው፤ እንዲህ ከቆየ ያጠፋዋል” አለኝ። የዓይን ጠብታ ሰጠኝ።
ኑሩንጂ ድስት ሥር የሚቀር ያረረ ሩዝ ነው። የምግብ ስም የወጣለት ውሻ ዕድሜው ይረዝማል ይባላል። ያወጣችለት እሷ ናት። እኔ ምነው ለእሷ... ተዪው።

መጋቢት 6
የሽንኩርት ቅጠል የታሰረበትን ላስቲክ ሞከርኩ። ፀጉሩን ነጨው። ጮኾ አልጋ ሥር ገባ።
የቦራም የፀጉር ማስያዣዎች መሳቢያዋ ውስጥ አሉ። አንዱ ላይ የራሷ ፀጉር ተጠምጥሟል። መሳቢያውን መልሼ ዘጋሁት።

መጋቢት 9
ገበያ ወጣሁ። የውሻ ዕቃ የምትሸጠው ሴት ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችልኝ። እንጆሪ ያለበት፣ ቢራቢሮ ያለበት፣ ባለ ደወል። “ጨርቅ የለበሰው ላስቲክ ይሻላል፤ አይነጭም። ሲያስሩትም ላላ ያድርጉት፤ ቆዳው ከተሳበ ዓይኑን መክደን ያቅተዋል” አለችኝ።
ነጭ ሪባን ያለውን አነሳሁ።
“ነጭ? በነጭ ውሻ ላይ? ማን ሊያየው ነው እማማ! ቀዩን ይውሰዱ።”
“ነጩን።”
ፊቴን አየችና ጠቀለለችው።
ለምን ነጩን አልኩ? የገባኝ ቤት ስደርስ ነው። ሐዘን ላይ ለሴቶች ትንሽ ነጭ ሪባን ይሰጣል፤ ፀጉር ላይ ይሰካል። ልጅ ለእናቷ፣ ሚስት ለባሏ ታደርጋለች። በቦራም ለቅሶ ቀን እኔም እጄን ዘርግቼ ነበር። ማልሱን፣ የባሌ እህት፣ እጄን ያዘችው። “ምን ነካሽ? እናት ለልጇ አታደርግም። ከወላጅ ቀድሞ መሞት የልጅ ጥፋት ነው፤ ቀድማሽ የሄደችው እሷ ናት ጥፋተኛዋ።” አስከሬኑ ሲወጣም ቤት ተቀመጪ አሉኝ። ተቀመጥኩ።
ቦራም ባል የላት፣ ልጅ የላት። ለእሷ ነጭ ያደረገላት የለም። አንድም ሰው።

መጋቢት 10
አሰርኩለት። አልጮኸም። ሁለት ጥቁር ዓይኖች ብቅ አሉ... እነሱን ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው? ቀጥ ብሎ አየኝ። ከዚያ ዞሮ የእሷን ክፍል በር ማየት ጀመረ።

መጋቢት 14
ማልሱን የጎመን ኪምቺ ይዛልን መጣች። ውሻውን ስታይ ሳቀች። “ወንዱን ልጅ በሪባን! ሊዳር ነው እንዴ?” ቀረብ ብላ ቀለሙን ስታይ ሳቋ ቀጥ አለ።
“የቦራም እናት፣ ለውሻ የሐዘን ሪባን? ሰው ምን ይላል?”
“አንድ የሚያዝንላት ያስፈልጋታል።”
“ውሻ እኮ ነው!”
“እንግዲያው ሰው አምጪልኝ።”
ባሌ ከውስጥ ሆኖ “ፍቺው” አለ። ፈታሁት።

መጋቢት 15
ዓይኑ እንደገና ቀላ። ሌሊቱን በእግሩ ሲፎክተው አድሯል።
ሐዘኑ የኔ፣ የሚታመመው ዓይን የእሱ። ምን አስቤ ነው እሱ ላይ የጫንኩት? እሱ ማየት ብቻ ነው የሚፈልገው።

መጋቢት 17
ኑሩንጂን ይዤ ገበያ ተመልሼ ሄድኩ፤ ቢጫ ሪባን ያለውን ወሰድኩ። ሴትየዋ ስሙን ጠይቃኝ ራሷ አሰረችለት። “ይኸውና! አሁን ገና ያምራል። አይደል፣ የኑሩንጂ እናት?”
“የቦራም እናት ነኝ” አልኳት። ከየት እንደመጣ አላውቅም።
“ቦራም? ሌላም ውሻ አለዎት?”
“ልጄ ናት።”
“ናት” ነው ያልኩት፤ “ነበረች” አላልኩም።

መጋቢት 20
ዓይኑን ለማሳየት የቀጠሮው ቀን። ነጩን ሪባን ከላስቲኩ ላይ ተርትሬ አወጣሁትና በፀጉር መርፌ ከጆሮዬ በላይ ሰካሁት። መስታወት ፊት ብዙ ቆምኩ። ሽበቴ ላይም ብዙ አይታይም።
ባሌ በሩ ጋ ጫማውን እያደረገ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። ፍቺው እስኪለኝ ጠበቅሁ። ውሻውን አቀፈና ቀድሞኝ ወጣ። አብሮኝ እንደሚሄድ አልነገረኝም ነበር።
ደረጃው ላይ የታችኛው ፎቅ አሮጊት አገኘችን። ዓይኗ ሪባኑ ላይ አረፈ። “ወይ ጉድ... ያረፉት እናትሽ ናቸው?”
አፌን ከፈትኩ።
“ልጃችን ናት” አለ ባሌ። “ቦራም።” ያን ቀን ካለፈ ወዲህ ስሟን ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።
አሮጊቷ እናት አታደርግም አላለችም። ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች። ሁለት እጇን አጣምራ፣ ለሐዘንተኛ እንደሚደረገው፣ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች።
ለእኔ።