ሚራ ሳትጸልይ አትበላም

ሰኞ
ሚራ ቁርሷን አልነካችም። እናትና አባቷ ትናንት አዲስ አበባ ሲሄዱ ለእኔ ለሞግዚቷ ስለ ዩኒፎርሟም ስለ ሳሏም ነግረውኛል። ስለ መብራቱ ግን ማንም ምንም አላለኝም።

ሰዎቹ ህንዶች ናቸው፤ አባቷ እዚህ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። እናቷ ጠዋት ጠዋት በአምላካቸው ምስል ፊት የቅቤ መብራት ይለኩሳሉ፣ ያዜማሉ፤ ሚራም አጠገባቸው ቁጭ ብላ ታዜማለች። ከዚያ በፊት እህል አይቀምሱም። አሁን እናቷ አንገት ላይ የወጣው እብጠት ሐሙስ እዚያው አዲስ አበባ በቀዶ ጥገና ይወጣል።

«ብርቱካንዬ፣ አንቺ ለኩሺልኝ» አለችኝ ሚራ። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ክብሪት አይፈቀድላትም። ማዕተብ አስሬ እንዴት አድርጌ? «ነገ» አልኳት። ባዶ ሆዷን ትምህርት ቤት ሄደች።

ማክሰኞ
ዛሬም እንደዚያው። ትናንት ማታ በስንት ልመና ሁለት ድንች ብቻ።

አገር ቤት ገሳይ ላለችው እማዬ ደወልኩ። «ባዕድ አምልኮ ነው፤ እጅሽን እንዳታስገቢ!»
«ልጅቷ ብትራብስ?»
«የሰው ልጅ ደግሞ እንዳታስርቢ» ብላ ዘጋችው። የቱን ልያዝ?

ዱባይ ስሠራ እኔም ጸሎቴን የማደርሰው መታጠቢያ ቤት ተደብቄ ነበር። ቀኑን ሙሉ እሱ ትዝ ሲለኝ ዋለ።

ረቡዕ
ልብስ አስጥቼ ስመለስ ቤቱ የተቃጠለ ጨርቅ ይሸታል። ክብሪቱን አግኝታ ራሷ ለኩሳለች! የመጋረጃው ጫፍ ተያይዟል። ውኃ ደፋሁበት። አውራ ጣቷ ተለብልቧል። ጮህኩባት።

«ካልለኮስኩ እናቴ ሐኪም ቤት ትሞታለች» አለች።

መሬት ላይ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ለእናቷ ደውዬ ሁሉንም ተናገርኩ፤ መጋረጃውን፣ ጣቷን፣ ማዕተቤንም። ያባርሩኛል ብዬ ነበር። «አንቺን ማስጨነቅ አልነበረብኝም» አሉና ሚራን አቅርቢልኝ አሉ። በቋንቋቸው ብዙ አወሩ።

ሚራ ስትጨርስ ነገረችኝ፤ «እማ አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለች መብራት አልነበራትም። አያቴ ዓይንሽን ጨፍነሽ በልብሽ ለኩሺ አለቻት። እኔም እንደዛ ላድርግ።»

አደረገች። ከዚያ ሽሮ ጠየቀች፤ ሁለቴ ጨመርኩላት።

ሐሙስ
ዛሬ ነው። ትምህርት ቤት አልላክኋትም። እሷ ዓይኗን ጨፍና ስታዜም እኔ በሩ ጋ ቆሜ አባታችን ሆይ ደገምኩ። ኃጢአት ከሆነ ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ።

ስድስት ሰዓት፣ ስልክ የለም። ስምንትም የለም። ለስድስት ሰው የሚበቃ ድንች ልጫለሁ።

አሥር ሰዓት ላይ አባቷ ደወለ። እናቷ ነቅተዋል! ድምፃቸው ግን አልወጣም፤ ሐኪሞቹ እንጠብቅ ብለዋል። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረገላቸው። ሚራ ዜማውን እስከ መጨረሻው አደረሰችላቸው። ከወዲያ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

ድንገት ሚራ ሳቀች። «አባ ምን አለ መሰለሽ? እማ በጣቷ አይደለም፣ አይደለም እያለች ነው። ለካ ከዜማው አንድ ቦታ ዘልያለሁ!»

ድምፃቸው ይመለስ እንደሆን እግዜር ይወቅ። ሚራ ጉሮሮዋን ጠርጋ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።