ካሚል ስደተኛ ነው ወይስ ፍልሰተኛ?

እህቴ ዘሊካ፣ አካም ጂርታ? በፖስት ካርዱ ላይ የምታዪውን ፎቅ አልገባሁበትም። እኔ የገባሁት አዲስ አበባ ከሱ ጀርባ ካለ አንድ ቢሮ ነው። ከአገር የወጡ ሰዎችን ለአንድ ዓመት በነጻ እንዲረዱ የተመደቡ፣ ዘንድሮ በሕግ የተመረቁ ልጆች አሉበት። «ልጄ ጅቡቲ ላይ ሞቷል፤ መቃብሩ የት እንደሆነ አፈላልጉልኝ» ብላቸው ሁለቱ ክርክር ገጠሙ።

«ሟች ስደተኛ ነው» ይላል ክራቫት ያነቀው ልጅ።

«በፍጹም! ፍልሰተኛ ነው። ስደተኛ ከሆነ የእኛ ክፍል አያየውም» ትላለች ቤዛዊት የምትባለው።

ምሳ ሰዓት ደረሰ። የሰንበቴ ገበያ ደላላ እንኳ በበሬ ሲጨቃጨቅ በሬውን ያያል፤ እነዚህ የልጄን ስም እንኳ አልጠየቁኝም።

«ልጆቼ፣ የቱ እንደሆነ ሳይወስን ነው የሞተው፤ ይቅር በሉት» አልኳቸው።

ባለክራቫቱ ጻፈው! ቤዛዊት ግን ደነገጠች። «እማማ፣ ስሙ ማን ነበር?» አለችና ስልክ አነሳች። ሰው በሰው እየተቀባበለ እዚያው ጅቡቲ፣ ኦቦክ ከተማ ካለ የመቃብር ጠባቂ አደረሳትና ስልኩን ሰጠችኝ። ሽማግሌው በተሰባበረ አማርኛ «ካሚል የከሚሴው? እኔ ነኝ ያጠብኩት። ተሰግዶበታል፣ ከግንቡ ሥር ነው» አለኝ። አልሐምዱሊላህ።

ካርዱን በአውቶቡስ ሹፌሩ በአብዱሰላም እጅ ልኬዋለሁ። ለኢክላስ፣ ለዓፊያ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላም በይልኝ፤ ቦታው አለቀብኝ። መቃብሩን ሳላውቅ አላለቅስም ብዬ ከደጄ የመለስኳቸውን ሁሉ ጥሪልኝ። ሐሙስ እገባለሁ፤ ድንኳኑን አስተክይ።

እህትሽ ዙቤይዳ